እንኳንም ተቃጠለ

ጅማ፣ ወደ አጋሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ጠባብ ጋራዥ አለ። ሰፈሩ ባለቤቱን «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። አርባ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርተዋል፤ በወጣትነታቸው ባሕር ዳር የጣና ጀልባዎችን ገመድ ይዘረጉ ነበር። እኔ ጎማ ወረዳ ውስጥ የቤተሰቤን የቡና ማድረቂያ ግቢ የምጠብቅ ነኝ። የመብራት መስመር ግቢያችን አልደረሰም። ዘንድሮ እሸቱ መቅላት ሲጀምር ሁለት ባትሪ፣ ሁለት የሶላር ፓኔልና ጥቅል ገመድ ገዝቼ ራሴው ዘረጋሁት። በሦስተኛው ሌሊት ፊውዙ ተቃጠለ። ምትክ አልነበረኝም። በእጄ ያለውን አደረግሁና በማግስቱ የፊውዙን ቤት ነቅዬ፣ በፌስታል ቋጥሬ ጋሼ ዘንድ መጣሁ።

ጋሼ፦ እስቲ ፍቺው። ይሄ መሐሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?

እኔ፦ ፊውዙ ሲቃጠልብኝ ከገመዱ ቁራጭ ሽቦ አወጣሁና አስገባሁበት። ለአንድ ሌሊት ነው ብዬ።

ጋሼ፦ ከየትኛው ገመድ?

እኔ፦ ከአንድ ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ካሬው።

ጋሼ፦ በይ ተቀመጪ፤ ቡና እየመጣ ነው። ይሄ ሽቦ ቀልጦ እንዲበጠስ ስንት አምፔር የሚፈልግ ይመስልሻል?

እኔ፦ ሃያ?

ጋሼ፦ መቶ ሠላሳ ገደማ። ገመዱ ራሱ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በደህና የሚሸከመው ግን 15 አካባቢ ነው። ችግር ቢመጣ ማን ቀድሞ የሚነድ ይመስልሻል?

እኔ፦ ገመዱ።

ጋሼ፦ ገመዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

እኔ፦ በመጋዘኑ ግድግዳ። ከጆንያዎቹ ጀርባ።

ጋሼ፦ ፊውዝ ቀየርኩ ብለሽ ነበር አይደል? ጆንያሽን ነው ፊውዝ ያደረግሽው።

እኔ፦ ደነገጥኩ፣ ጋሼ። ግን ሌሊቱን ምንም አልሆነም።

ጋሼ፦ ችግሩ ስላልመጣ ነዋ! ሌባ ባልመጣበት ሌሊት ሁሉም ዘበኛ ጎበዝ ነው። የተቃጠለውንስ ፊውዝ ጣልሽው?

እኔ፦ ኪሴ ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ ጎሽ። የተቃጠለ ፊውዝ አይጣልም፤ ይነበባል። ወደ ብርሃኑ አዙሪና ተመልከቺ። መስተዋቱ ጠቁሯል?

እኔ፦ አልጠቆረም። ንጹሕ ነው። ውስጡ ያለችው ክር ግን መሐሏ ላይ ተንጠባጥባ ተለያይታለች።

ጋሼ፦ እንግዲያው ኮንታክት አይደለም። ኮንታክት ቢሆን ክሯ በአንድ ጊዜ ትፈነዳና መስተዋቱን ከውስጥ ጥላሸት ትቀባዋለች። ይሄኛው ቀስ እያለ ነው የሞተው። ከልኩ በላይ ተሸክሞ፣ ሞቆ፣ ሞቆ፣ በመጨረሻ ወገቡ ተቆረጠ። ቁጥሩ 10 ነው። ያን ሌሊት ምን ጨመራችሁበት?

እኔ፦ እኔ ምንም አልጨመርኩም። ዘበኞቹ ናቸው ቴሌቪዥን የሰኩት። ኳስ ነበር።

ጋሼ፦ መቼ ጠፋ?

እኔ፦ በእረፍት ሰዓት አካባቢ ነው አሉ።

ጋሼ፦ እናስላው። አምፖሎችሽ፣ ሬድዮውና የስልክ ቻርጀሩ አንድ ላይ ስንት ዋት ናቸው?

እኔ፦ መቶ ገደማ።

ጋሼ፦ መቶን ለ12 ስታካፍዪው 8 ነጥብ 3 አምፔር ነው። ፊውዙ እስከዚያ ድረስ ዝም ይላል። ቴሌቪዥኑ 60 ዋት ከሆነ አምስት አምፔር ጨመረበት። 13 ነጥብ 3 ሆነ። አሥር ቁጥር ፊውዝ እንዲህ ያለ ጭነት ሲመጣበት ወዲያው አይበጠስም፤ የደቂቃዎች ትዕግሥት አለው። አንድ አጋማሽ ያህል ታገሠላቸው።

እኔ፦ ትልቅ ፊውዝ ባደርግ ኖሮ ጨዋታውን ይጨርሱ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ፦ ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። ሰው ፊውዝ ሲቃጠልበት ቁጥር ይጨምራል። አሥሩ ሲቃጠል አሥራ አምስት፣ እሱ ሲቃጠል ሠላሳ፣ በመጨረሻ እንዳንቺ ሽቦ። ገመዱ ግን ያው ቀጭኑ ገመድ ነው። ይልቅ ይሄን ያዢ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን አይደለም፤ ቴሌቪዥኑንም አይደለም። ገመዱን ነው።

እኔ፦ የሸጠልኝ ሰው ግን «ለአምፖሎችሽ ይበቃል» ብሎ ነው የሰጠኝ።

ጋሼ፦ አምፖል ቢቃጠል አምፖል ትቀይሪያለሽ። ገመድ ሲቃጠል ግን ብቻውን አይቃጠልም። ተነሺ፣ ወደ ውጭ እንውጣና ላሳይሽ።

ከደጅ አንድ ያረጀ የአይሱዙ ባትሪ ነበር። ሲሞላ ያደረ ስላልሆነ ጋዝ እንደሌለበት ነግረውኝ፣ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ክንድ የማይሞላ ቀጭን ቀይ ገመድ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ከኔጋቲቩ ጋር አሰሩት። ሌላውን ጫፍ በፒንሳ ይዘው፣ ፊታቸውን ዘወር አድርገው ፖዘቲቩን ነኩት። ሁለት እስክቆጥር አልቆየም። የገመዱ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ጨሰ፣ አበጠ፣ እንደ ሻማ ሰም ተንጠባጠበ፤ ውስጡ ያለው መዳብ እንደ ፍም ቀላ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከዚያ ሌላ ተመሳሳይ ገመድ ወስደው መሐሉ ላይ አምስት ቁጥር ፊውዝ አስገቡና ያንኑ ደገሙት። «ጠቅ» አለ፣ በቃ። ገመዱን በእጄ ያዝኩት፤ አልሞቀም።

ጋሼ፦ ቤትሽ ሄደሽ እንዳትሞክሪው። ገባሽ አይደል?

እኔ፦ ገባኝ። ግን 12 ቮልት እኮ ነው፣ ጋሼ። በእጄ ብነካው እንኳ ምንም አይለኝም።

ጋሼ፦ የሚያዘናጋውም እሱ ነው። የግድግዳው 220 ሰው ይገድላል ብለን እንፈራዋለን፤ 12ቱን ንቀን ቤት ያቃጥልብናል። የባትሪ ጉልበቱ ቮልቱ ላይ አይደለም። ጥሩ ባትሪ በውስጡ ያለው ተቃውሞ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ቢሆን ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም ያንሳል። 12ን ለዚያ አካፍዪው፤ 1200 አምፔር። ሁለቱን ራሶች ቁልፍ ቢያገናኛቸው ቁልፉ ይበየዳል። ቀለበቴን ያወለቅሁት ለጌጥ አይደለም።

እኔ፦ ይሄን ሁሉ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው የተማሩት?

ጋሼ፦ ስሙን እዚህ፣ ፍርሃቱን ጣና ላይ። እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ጅማ ትልልቆቹ ፊውዝን «ቫልቮላ» ነበር የሚሉት። ጣሊያን ነው ትቶት የሄደው፤ እንደ ካቻቢቴው፣ እንደ ፒንሳው፣ እንደ ናስትሮው። ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ቋንቋ የእሱ ነው። ባሕር ዳር ስሄድ ግን ወደ ዘጌ ገዳማት ምእመናን የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ተቀጠርኩ። ዘጌም የቡና አገር ነው፤ ስንመለስ ቡና ጭነን ነበር የምንመጣው። አንድ ቀን መሐል ሐይቅ ላይ ከሞተሩ ጎን ገመድ ጨሰ። ባትሪውን ለመፍታት ቁልፍ እስክናገኝ ድረስ ያለፈው ጊዜ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። መኪና ቢሆን ታቆሚና ትወርጃለሽ። ቤት ቢሆን ወደ ደጅ ትሮጫለሽ። ከጀልባ ላይ ወዴት ትሮጫለሽ?

እኔ፦ ወደ ውኃው።

ጋሼ፦ ዋናተኛ ከሆንሽ። ለዚህ ነው ጀልባ ሠሪዎች በዚህ ነገር ቀልድ የማያውቁት። የአሜሪካኖቹ ደንብ ከባትሪው ራስ እስከ መጀመሪያው ፊውዝ ያለው ገመድ በመደበኛው ከ18 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል። በኛ ቋንቋ አንድ ስንዝር በይው። ያንቺ ፊውዝ ከባትሪው ምን ያህል ይርቃል?

እኔ፦ አራት ሜትር። ለማየት እንዲመች ብዬ በሩ አጠገብ ሰቀልኩት።

ጋሼ፦ አራቱን ሜትር ማን ይጠብቀው? ፊውዝ ከእሱ ወዲያ ያለውን ነው የሚጠብቀው፤ ከባትሪው እስከ እሱ ያለውን አያውቀውም። ዘበኛውን ከግቢው በር አንስተሽ ጓዳ አስቀመጥሽው ማለት ነው። ሌባ አጥር ዘልሎ ግቢውን ሁሉ ዞሮ ጓዳ ሲደርስ ብቻ ነው የሚጮኸው።

እኔ፦ የኔ ግን ጀልባ አይደለም። መሬት ላይ ነው።

ጋሼ፦ ግቢሽ ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል?

እኔ፦ በእግር አርባ ደቂቃ። ዝናብ ከዘነበ መኪና አይገባም።

ጋሼ፦ የእሳት አደጋ መኪናስ?

እኔ፦ አይታሰብም።

ጋሼ፦ ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ ሰው ይተኛል?

እኔ፦ ዘበኞቹ። ከጆንያው አጠገብ።

ጋሼ፦ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም መሐል ሐይቅ ላይ ነሽ። ውኃ የሌለበት ሐይቅ ላይ።

ቡናው መጣ። አቦሉን ስንጠጣ ዝም ብለን ነበር። ከጅማ ብዙም ሳይርቅ የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ እንደተሠራ፣ የመንግሥት የኤሌክትሪክ ዕቅድም ሲወጣ ከሕዝቡ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጪ፣ በሶላርና በመሳሰለው ለማዳረስ የታሰበ እንደነበር አነሳሁላቸው። ሳቁ። «እንግዲህ ከመቶው ሠላሳ አምስት ሰው የራሱ መብራት ኃይል ሊሆን ነው፤ ፊውዝ አመራረጡን ማን ሊነግረው?» አሉና ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው ግቢዬን በላዩ መሳል ጀመሩ።

ጋሼ፦ ስንት መስመር አለሽ?

እኔ፦ አንድ ገመድ ነው፤ ሁሉም ከእሱ ላይ ይቀጠላል።

ጋሼ፦ ሦስት እናድርገው። አንደኛው የመጋዘኑና የክፍሉ አምፖል፤ 40 ዋት፣ 3 ነጥብ 3 አምፔር። ሁለተኛው ቴሌቪዥን፣ ሬድዮና ስልክ፤ 80 ዋት፣ ስድስት ነጥብ ሰባት። ሦስተኛው ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ የሚሄደው። ምን ያህል ይርቃል?

እኔ፦ ሠላሳ ሜትር። 48 ዋት አምፖል አለው። ግን ደከም ይላል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ። አምፖሉ ጥራት የለውም ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ አምፖሉን አትሚው። ሠላሳ ሜትር ሄዶ ሠላሳ ሜትር ይመለሳል፤ ስልሳ ሜትር መዳብ ነው። አንድ ነጥብ አምስት ገመድ በዚያ ርቀት 0.7 ኦም ይቃወማል። አራት አምፔር ሲያልፍበት 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ይበላል። 12 ልከሽ ጫፉ ጋ 9 ነጥብ 2 ነው የሚደርሰው። ስድስት ሚሊ ሜትር ካሬ ብታደርጊው የሚበላው 0.7 ቮልት ብቻ ነው።

እኔ፦ እኔ ደግሞ ፊውዙን ወደ 20 ባሳድገው መብራቱ የሚጠነክር መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ ፊውዝ ጉልበት አይጨምርም፤ በር ነው። እንዲያውም በዚያ ቀጭን ገመድ ላይ 20 ብታደርጊ የሚመጣውን ልንገርሽ። አልጋዎቹ ጋ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካኩ እንበል። ስንት አምፔር ይሄዳል? 12ን ለ0.7 አካፍዪ።

እኔ፦ 17።

ጋሼ፦ 20 ቁጥር ፊውዝ 17 ሲያይ ምን ያደርጋል?

እኔ፦ ምንም።

ጋሼ፦ ምንም! ኮንታክት ተፈጥሮ፣ ጫፉ እየነደደ፣ ፊውዙ ደህና ነኝ ይልሻል። ይሄን ብዙ ባለሙያም አያስተውለውም። ረጅምና ቀጭን ገመድ የኮንታክቱን ጉልበት ራሱ ያፍነዋል፤ ስለዚህ ፊውዙ አይሰማም። በስድስቱ ገመድ ግን እዚያው ጫፍ ላይ ወደ 68 አምፔር ይሄዳል፤ ትንሽ ፊውዝ ወዲያው ይቆርጠዋል።

እኔ፦ ታዲያ ቁጥሩን እንዴት ነው የምመርጠው?

ጋሼ፦ ከሥርም ከላይም አጥር አለው። ከሥር ያለው የምትጠቀሚበት አምፔር ነው፤ ሩቡን ጨምሪበት። ከላይ ያለው ገመዱ የሚችለው ነው፤ እሱን አትለፊ። በመሐል ካለው ወደ ታችኛው የሚጠጋውን ውሰጂ። የመጋዘኑ መስመር 3 ነጥብ 3 ነው፤ ሩቡን ስትጨምሪበት አራት አካባቢ። አምስት ቁጥር። የቴሌቪዥኑ በሁለት ነጥብ አምስት ገመድ ይሂድ፤ 6 ነጥብ 7 ሩብ ሲታከልበት 8 ነጥብ 4፤ አሥር ቁጥር። የአልጋዎቹ አምስት ይመጣል፤ እንዳይጨናነቅ ሰባት ነጥብ አምስት።

እኔ፦ በሌሊት ቁጥሩን ማንበብ ያስቸግራል።

ጋሼ፦ የመኪናውን ጠፍጣፋ ፊውዝ ግዢ፤ በቀለም ነው የሚለየው። አምስቱ ቆዳማ፣ ሰባት ነጥብ አምስቱ ቡናማ፣ አሥሩ ቀይ፣ አሥራ አምስቱ ሰማያዊ፣ ሃያው ቢጫ፣ ሠላሳው አረንጓዴ። አንቺ የቡና ሰው ነሽ፤ ለቴሌቪዥኑ መስመር ቀዩን ልቀሚ። አረንጓዴ ከለቀምሽ ገና ያልደረሰ ነው በይ።

እኔ፦ ባትሪው አጠገብስ፣ በስንዝሩ ላይ ያለው?

ጋሼ፦ እዚያ ጠፍጣፋው አይበቃም። ፊውዝ ላይ ሰው የማያየው ሌላ ቁጥር አለ፤ ሲበጠስ ስንት አምፔር መቁረጥ እንደሚችል። ጠፍጣፋው አብዛኛው ጊዜ 1000 ነው። ባትሪሽ ከዚያ በላይ ሊተፋ እንደሚችል ቅድም አስልተናል። ክሩ ተበጥሶ እሳቱ በአየር ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ባትሪው ራስ አጠገብ በብሎን የሚታሰረውን ትልቁን ፊውዝ አድርጊ፤ ለያንዳንዱ ባትሪ የራሱ 30። ከሁለቱ ባትሪዎች የሚሰበሰበውን ዋና ገመድ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ አድርጊው፤ ስልሳውንም ቢሸከም አይደነግጥም።

እኔ፦ ለያንዳንዱ ለምን? ሁለቱ ተገናኝተው የለ?

ጋሼ፦ ስለተገናኙ ነዋ። አንዱ ባትሪ ውስጡ ቢበላሽ ሌላው ጎርፉን ሁሉ ወደ እሱ ያፈስበታል። ጎን ለጎን የታሰሩ ባትሪዎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ዕድሜያቸው አንድ፣ ዓይነታቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ ይሁን። ጎረምሳ ከሽማግሌ ከጠመድሽ ሽማግሌው ይወድቃል፣ ጎረምሳውንም ይጎትተዋል። ያንቺዎቹ?

እኔ፦ ሁለቱም አንድ ቀን የተገዙ ናቸው። መቶ መቶ አምፔር ሰዓት።

ጋሼ፦ ደግ። ፖዘቲቩን ከአንደኛው ባትሪ አውጪ፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው። ሁለቱንም ከአንዱ ካወጣሽ ቅርቡ ይሠራል፣ ሩቁ ይሰንፋል። ሲያስሩም ሆነ ሲፈቱ ደግሞ ወግ አለው፤ ሲፈታ ኔጋቲቭ ቀድሞ ይፈታል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል። መኪና ላይ ቁልፍሽ አካሉን ቢነካ እንኳ እንዳይተኮስ ነው። ቁልፍሽንም በናስትሮ ጠቅልዪው።

እኔ፦ ሶላሩስ?

ጋሼ፦ ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ኋላ ፓኔሉን። ስትፈቺ ተቃራኒውን። ባትሪ ሳያይ ፓኔል ከተሰካበት ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱ ይቃጠላል።

እኔ፦ አንድ ሺህ ዋት ኢንቨርተርም አለኝ። ለሚጥሚጣና ለቡና መፍጫ ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ አንድ ሺህ ዋት ከግድግዳው 220 ላይ ስትወስጂ አራት አምፔር ተኩል ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ግን ከብክነቱ ጋር 95 አካባቢ ይደርሳል። ያው ሥራ ነው፤ ወንዙ ግን ሃያ እጥፍ ይሰፋል። ለዚያ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና 125 ፊውዝ ትፈልጊያለሽ፤ በጣም አጭር ሆኖ። እንደ ጣት የወፈረ ገመድ ነው። ዘንድሮ ተዪው፤ ሚጥሚጣሽን በሙቀጫ ውቂ። የአይሱዙ ሠሪዎች ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው 24 ቮልት ያደረጉት በምን ምክንያት ይመስልሻል? ለአንድ ሥራ የሚሄደው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል። ሲያድግልሽ እንደዚያ እናደርገዋለን።

እኔ፦ ገበያ ላይ የቤት ብሬከር አይቻለሁ። ፊውዝ ከመግዛት እሱን ባደርግስ? ሲወድቅ መልሼ አነሳዋለሁ።

ጋሼ፦ የቤት ብሬከር ለቤት መብራት ነው። የቤቱ መብራት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ያርፋል፤ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያች እረፍት ይጠፋል። የባትሪ ግን እረፍት የለውም፤ ብልጭታው ተንጠልጥሎ ይነዳል። ለባትሪ የተሠራ ካላገኘሽ ፊውዝ ይሻላል። ባትሪዎቹን የት ነው ያስቀመጥሻቸው?

እኔ፦ መጋዘኑ ውስጥ። ሣጥን አሠርቼ ዘግቼባቸዋለሁ፤ ሌባ እንዳይወስዳቸው።

ጋሼ፦ ሣጥኑ ቀዳዳ አለው?

እኔ፦ የለውም።

ጋሼ፦ ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይተነፍሳል። ከአየሩ ከመቶ አራት እጁን ሲይዝ ብልጭታ ይበቃዋል። የድሮ ሾፌር ውኃው ምን ያህል ቀረ ብሎ ክብሪት ጭሮ ባትሪ ውስጥ ሲያይ የደረሰበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅንድቡን ማን ይመልስለት! ቀላል ጋዝ ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ሣጥኑን ከላይ ክፈቺለት፣ ከታችም አየር አስገቢለት። እንደውም ከመጋዘኑ አውጪው። ደረቅ ቡና ሽታ ይስባል፤ የአሲድ ጠረን ከሳበ ቀማሹ ዘንድ ሲቀርብ ያሳፍርሻል።

እኔ፦ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዢ ቢሉኝ የቱ ነው?

ጋሼ፦ ባገራችን ቋንቋ አለ እኮ። ሳይቃጠል በቅጠል። ፊውዝ ማለት ያ ቅጠል ነው። ሰው ሁሉ ጠንካራውን ይፈልጋል፤ ጠንካራ ገመድ፣ ጠንካራ ባትሪ። አንቺ ግን አስበሽ፣ መርጠሽ፣ ከመስመሩ ሁሉ ደካማውን ነገር በእጅሽ ታስቀምጪያለሽ፤ ቀን ከመጣ እሱ እንዲሞትልሽ። ደካማውን በሽቦ ካጠነከርሽው፣ ደካማነቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ አልጠፋም።

ከፌስታሉ ውስጥ የኔን ቁራጭ ሽቦ አውጥተው ከመደርደሪያቸው ላይ ወዳለ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጣሉት። ቆርቆሮው በተቃጠሉ ፊውዞች እስከ አፉ ሞልቷል። «ይሄ ብቻ ነው ሳይቃጠል የገባው» አሉ። የሲሚንቶ ከረጢቱን ሥዕል አጣጥፌ ይዤ ተመለስኩ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከየቀለሙ አምስት አምስት መለዋወጫ በክር አስሬ የፊውዙ ቤት ላይ አንጠለጠልኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ ስልክ ደወልኩላቸው።

እኔ፦ ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ሌሊት የመጋዘኑ ፊውዝ ተቃጠለ።

ጋሼ፦ እንኳንም ተቃጠለ! ቀየርሽው?

እኔ፦ አልቀየርኩም። መጀመሪያ አነበብኩት።

ጋሼ፦ እሺ። ምን ይላል?

እኔ፦ ፕላስቲኩ ውስጡ ጠቁሯል። ክሯ ጭራሽ የለችም።

ጋሼ፦ ስለዚህ?

እኔ፦ ኮንታክት ነው ብዬ ዘበኞቹን አስነሳሁ። ገመዱን ከፊውዙ ቤት ጀምረን በእጅ ተከተልነው። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወረድን፤ ከሥር አይጥ ገመዱን በልታው ሁለቱ መዳቦች ተነካክተዋል። አይጧም እዚያው ነበረች።

ጋሼ፦ ሞታለች?

እኔ፦ የለም፣ ሮጠች። 12 ቮልት አይደል።

ጋሼ፦ ጆንያውስ?

እኔ፦ ሥሩ ላይ እህል የምታህል ጠቃጠቆ አለች። ቡናው አልተነካም።

ጋሼ፦ ገመዱን ቁረጪው፣ አዲስ አስገቢ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገሽ በቱቦ አሳልፊው። ከዚያ ቆዳማዋን አምስት ቁጥር ሰክተሽ አብሪ። ቅዳሜ ለገበያ ትመጫለሽ አይደል?

እኔ፦ እመጣለሁ።

ጋሼ፦ የተቃጠለችውን እንዳትረሻት። ቆርቆሮዬ ውስጥ ቦታ አዘጋጅላታለሁ።